ከባድ ግዳይ ከገደል እንዴት ይወጣል?

ግዳይ መጣል በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የጀግንነት ምልክት ሆኖ ሲቈጠር የኖረ ነው። ዝሆን የገደለ በጆሮው የወርቅ ሎቲ ያንጠለጥል፣ አንበሳ ወይም ጎሽ የጣለ ራሱን ቅቤ ተቀብቶ በፉከራና በቀረርቶ ይታጀብ ነበር። ፎካሪው ስለ ልቡ ድፍረትና ስለ አነጣጠሩ በሰፊው ይናገራል፤ የወደቀው እንስሳ ሥጋ ከገደል እንዴት እንደ ወጣ፣ ማን እንደ ተሸከመውና ስንት ቀን እንደ ፈጀ ሲናገር ግን እምብዛም አይሰማም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብዙውን ጊዜ አዳኙ ይዞ የሚመለሰው ጭራውን፣ ጥርሱን ወይም ቀንዱን በመሆኑ፣ የቀረው አካል ለጅብና ለአሞራ ይተው ነበር።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ይኸንኑ የተረሳውን የሥራውን ግማሽ ነው። አነጣጥሮ መጣል የአንድ ቅጽበት ተግባር ሲሆን፣ የወደቀውን ከባድ እንስሳ ከሸለቆና ከገደል አውጥቶ እስከ ሠፈር ማድረስ ግን አንዳንድ ጊዜ ቀናትን የሚጠይቅ ልፋት ነው። ተራራማ በሆኑ የዓለም ክፍሎች የሚኖሩ አዳኞች በዚህ ረገድ ያካበቱት ልምድ ለአዳኝ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። መትረየስና ጥይት ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ፣ የቈሰለ ጓዱን በቃሬዛ ከሸለቆ የሚያወጣ ወታደር ጉዳዩን በሚገባ ይረዳዋል። መኪና በማይደርስበት መንደር ወላድ እናትን ወደ ሐኪም ያደረሰ፣ ወይም እህሉን በጫንቃው ወደ ገበያ ያወረደ የከተማና የገጠር ነዋሪም እንዲሁ።

ክብደቱ ምን ያህል ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ የሸክሙን ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። በስኮትላንድ ደጋ የሚገኘው ወንድ ቀይ አጋዘን መቶ ኪሎ ግራም ወይም ከዚያ ጥቂት የበለጠ ይመዝናል። በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የማይገኘው ወንዱ የደጋ አጋዘን ከ180 እስከ 300 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በሰሜን አሜሪካ ሮኪ ተራሮች የሚታደነው ኤልክ የተባለው ታላቅ አጋዘን ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ነው። በአላስካ ረግረግ የሚኖረው ሙስ የተባለው እንስሳ ደግሞ 600 ኪሎ ግራምን ሊያልፍ ይችላል፤ ይህም የስድስት ኩንታል እህል ክብደት መሆኑ ነው። የቈላው ጎሽም ከዚህ አይተናነስም።

ስድስት ኩንታል እህል ቢሆን በስድስት ጆንያ ተከፋፍሎ በመኪና ይጫናል። ይህ ሸክም ግን ጆንያ የለውም፤ መያዣ ጆሮም የለውም። ደሙ ትኩስ ነው፤ ፀሐይ በወጣች ቍጥር መበላሸት ይጀምራል። የወደቀውም እርሱ በፈለገው ሥፍራ እንጂ አዳኙ በመረጠው ሜዳ አይደለም።

ስሌቱ ከጥይቱ ይቅደም

በጦር ትምህርት ከሚሰጡት መሠረታዊ መመሪያዎች አንዱ፣ ወደፊት የሚራመድ ጦር የስንቁንና የቁስለኛውን መንገድ አስቀድሞ ማሰብ ያለበት መሆኑ ነው። በአደንም ሕጉ ይኸው ነው። ነገሩን በቀላል ስሌት እንመልከተው።

አንድ ጎልማሳ ኤልክ ተገፎና አጥንቱ ወጥቶ ወደ 100 ኪሎ ግራም ንጹሕ ሥጋ ይገኝበታል እንበል። አንድ ጠንካራ ሰው በወጣ ገባ መሬት 25 ኪሎ ግራም ቢሸከም፣ ሥጋው አራት ጉዞ ይጠይቃል። ግዳዩ የወደቀበት ሥፍራ ከመኪና መንገድ 5 ኪሎ ሜትር ቢርቅ፣ አዳኙ አራት ጊዜ ጭኖ ይወጣል፣ ሦስት ጊዜ ባዶውን ይመለሳል። ድምሩ 35 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ ጠመንጃው፣ ስንቁ፣ ድንኳኑ፣ ቆዳውና ቀንዱ ገና አልገቡም።

አንድ ጓደኛ ቢጨመር እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ ጭነው አንድ ጊዜ ባዷቸውን በመመለስ 15 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። አራት ሰዎች ቢሆኑ ግን እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ 5 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሥራው ይጠናቀቃል። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ልምድ ያላቸው አዳኞች ከመተኮሳቸው በፊት ይህንን ሁሉ በልባቸው ያሰላሉ። እንስሳው ከእነርሱ በላይ ቆሞ እንደ ሆነ ሸክሙ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከበታች ሸለቆ ውስጥ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ኪሎ ዳገት ይወጣል። ሙስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ሳለ ልምድ ያለው አዳኝ ጣቱን ከምላጩ ያነሣል፤ ምክንያቱም ውኃ ውስጥ የወደቀን ስድስት መቶ ኪሎ ግራም ማገላበጥም ሆነ መበለት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ማውጣት የማይቻለውን አለመጣል የአደን የመጀመሪያ ጥበብ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ብልት ማውጣት

ቅርጫ የገባ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ብልት አዋቂ ሰው ያለ መጥረቢያና ያለ መጋዝ በአንዲት ስለታም ቢላዋ በሬ ይፈታል። በሮኪ ተራሮች የተለመደውም ዘዴ ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ ሆድ ዕቃው ሳይከፈት መሠራቱ ነው።

እንስሳው በጎኑ ይተኛል። ሥፍራው ተዳፋት ከሆነ ተንከባሎ ገደል እንዳይገባ እግሩ ወይም ቀንዱ ከዛፍ ጋር በገመድ ይታሰራል። ቆዳው ከጀርባው አጥንት ጀምሮ ወደ ሆዱ ይገፈፋል። የፊት እግሩ ከጎድን አጥንት ጋር በጡንቻ እንጂ በአጥንት መጋጠሚያ የተያያዘ ስላልሆነ ወርቹ በቢላዋ ብቻ ይላቀቃል። ታፋው ከዳሌው መጋጠሚያ ይፈታል። ሽንጡ ከጀርባ አጥንቱ ጎን፣ ቀጥሎም የአንገቱና የጎድኑ ሥጋ ይወጣል። አንደኛው ጎን ሲያልቅ እንስሳው ይገለበጥና ያው ሥራ በሌላው ጎን ይደገማል። ከዚያም ከታፋና ከወርች አጥንቱ ቢወጣ ሸክሙ ይበልጥ ይቀላል።

የሥጋ ጠላቱ ሙቀት ነው። ቆዳው ቶሎ ካልተገፈፈ በወፍራሙ ታፋ ውስጥ በአጥንቱ ዙሪያ ያለው ሥጋ ታፍኖ ይሸታል። ስለዚህ ብልቱ አየር በሚያስገባ የአቡጀዲ ከረጢት ይደረግና በጥላ ሥር ይሰቀላል፤ ከረጢቱ ዝንብን ይከላከላል፤ ሥጋው ይተነፍሳል። ላስቲክ ግን እርጥበቱንና ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ ክልክል ነው። በሚቀጥለው ጉዞ የሚወሰደው ሥጋ ሆድ ዕቃው ከቀረበት ሥፍራ ርቆ ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት። በአሜሪካ የሚፈራው ድብ ሲሆን በእኛ አገር ጅብ ነው።

በዚህ ረገድ የአገራችን ሰው የራሱ የሆነ ጥበብ እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ከጥሬ ሥጋ ክብደት ሦስት አራተኛው ውኃ ነው። ሥጋው በቀጭኑ ተዘልዝሎ በደረቅ አየር ቋንጣ ቢሆን ክብደቱ ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። ጊዜና ደረቅ አየር ላለው ሰው፣ ውኃውን ለፀሐይ ማሸከም ከሁሉ የቀለለ ማጓጓዣ ነው።

የሰው ጀርባ

ሁለት ሰዎች አጋዘን በረጅም እንጨት አንጠልጥለው በጫንቃቸው ሲሄዱ የሚያሳይ ሥዕል በየመጽሐፉና በየፊልሙ ይታያል። ለቀላል እንስሳ በሜዳ መንገድ ዘዴው ያገለግላል። ከባድ ሲሆን ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ሸክሙ ይወዛወዛል፤ እንጨቱ ጫንቃ ይቈርጣል፤ አንዱ ሲሰናከል ሌላውን ይዞ ይወድቃል። የግድ ከሆነ እግሮቹ ብቻ ሳይሆኑ አካሉ በሙሉ ከእንጨቱ ጋር ተጠፍሮ መታሰር አለበት።

ከዚህ ይልቅ የተበለተ ሥጋ በጀርባ ቢሸከሙት ይሻላል። ሸክሙ ወደ ጀርባ ተጠግቶና ከፍ ብሎ መታሰር፣ ክብደቱም በሰፊ መቀነት አማካይነት በዳሌ ላይ ማረፍ ይኖርበታል፤ ትከሻ ብቻውን ቶሎ ይደክማል። ለረጅም ጉዞ ከሰውነት ክብደት ሲሶ በላይ አለመሸከም የሚመከር ሲሆን፣ ሲሶውም ቢሆን በገደል መንገድ ይከብዳል። ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት ጉልበትን ይጐዳል፤ በመሆኑም ምርኵዝ መያዝ፣ እርምጃን ማሳጠርና ሳይደክሙ ማረፍ ይገባል። ወታደሩ የሚያውቀው ሌላም ጥንቃቄ አለ። ቀንድ ተሸክሞ ጫካ ውስጥ የሚሄድ ሰው ከሩቅ እንስሳ ሊመስል ስለሚችል፣ በአሜሪካ አዳኞች ቀንዱ ላይ ደማቅ ብርቱካንማ ጨርቅ ያስራሉ።

ገመድና ቁልቁለት

በስኮትላንድ አዳኞች የወደቀውን አጋዘን ሆድ ዕቃውን እዚያው አውጥተው ፈረስ እስከሚደርስበት ሥፍራ ድረስ በገመድ ይጐትቱታል። ሲጐተት ራሱ ይቀድማል፤ ጠጕሩ ወደ ኋላ የተኛ በመሆኑ በሣርና በበረዶ ላይ በቀላሉ ይንሸራተታል፤ በጭራው በኩል ቢጐተት ግን ጠጕሩ መሬቱን ይቧጥጣል።

ዳገት ላይ ጉልበት ካነሰ መዘውር ያግዛል። በሸክሙ ላይ የታሰረ አንድ ተንቀሳቃሽ መዘውር የሚያስፈልገውን ኃይል በግማሽ ይቀንሳል፤ በዚያው ልክ ግን የሚሳበው ገመድ እጥፍ ይሆናል። በቁልቁለት ገመዱ ዛፍ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ ቀስ በቀስ ይለቀቃል፤ ዛፉ እንደ ፍሬን ያገለግላል። በምንም ዓይነት ሁኔታ ሰው ከሸክሙ በታች መቆም የለበትም።

ፈረስ፣ በቅሎና ግመል

ለገደል አገር ከእንስሳ የበለጠ ረዳት ገና አልተገኘም። በስኮትላንድ ደጋ አጭርና ደንዳና የሆኑት ፈረሶች ለዚሁ ሥራ በተዘጋጀ ልዩ ኮርቻ አጋዘኑን በሙሉ ይሸከማሉ። ዛሬ በብዙ ሥፍራ ስምንት ጎማ ያለው የረግረግ መኪና ቦታቸውን ቢወስድም፣ እርጥቡን መሬት ስለማይበጣጥሱ በፈረሶቹ መገልገልን የመረጡ ባለርስቶች አሁንም አሉ።

በሮኪ ተራሮች የጭነቱ ንጉሥ በቅሎ ናት። አንዲት በቅሎ በተራራ መንገድ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ግራም ትጭናለች፤ ስለዚህ ቀደም ሲል ያሰላነውን 35 ኪሎ ሜትር የሚያስለፋ ሥጋ ሁለት በቅሎዎች በአንድ ጉዞ ያወርዱታል። ምስጢሩ ሚዛን ነው። የግራና የቀኝ ጭነት እኩል ካልሆነ ኮርቻው ይዞራል፤ የበቅሎዋም ጀርባ ይላጣል፤ ከገደል አፋፍ ላይ ደግሞ ጭነትም በቅሎም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ሁለቱ ታፋዎች በሁለት ጎን፣ ሁለቱ ወርቾችም እንዲሁ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይታሰራሉ። ቀንዱ የበቅሎዋን ጎን እንዳይወጋ ጫፉ ይሸፈናል። የደም ሽታ ያልለመደች በቅሎ ትደነብራለችና አስቀድሞ ማለማመድ ያስፈልጋል። የአገራችን አጋሰስ ነጂ ይህን ሁሉ ከመጫኛና ከግላስ ጋር ከአባቱ የተማረው ነው።

ግመል ከበቅሎ እጥፍ ያህል ቢሸከምም ሜዳና አሸዋ እንጂ ሹል ድንጋይና የሚያዳልጥ ዳገት አይስማማውም። ለየመሬቱ የየራሱ እንስሳ አለው።

የማይከፈል ሸክም

ከባድ ነገር በገደል መንገድ ስለ ማጓጓዝ ሲነሣ፣ በታሪካችን ውስጥ የሴባስቶፖልን መድፍ ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ይህ መድፍ ወደ ሰባት ቶን፣ ማለትም ሰባ ኩንታል ያህል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አካባቢ ተነሥቶ፣ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች እየጐተቱት፣ ገደሉ እየተናደና መንገድ እየተጠረገ መቅደላ የደረሰው በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በመንገድ ሥራው ላይ ቆመው ይመሩ ነበር።

በዚያው ዓመት ከቀይ ባሕር ጠረፍ ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ የገሠገሠው የጄኔራል ናፒየር ጦር በበኩሉ ከህንድ ያመጣቸውን 44 ዝሆኖች ለከባድ መድፎቹ ሲጠቀም፣ ቀላል የተራራ መድፎቹን ግን ፈታትቶ በበቅሎ ጭኖ ነበር። አፈሙዙ በአንዷ፣ መንኰራኵሩ በሌላዋ፣ ጥይቱ በሦስተኛዋ ይጫናል፤ ሥፍራው ሲደርስ ይገጣጠማል።

ከዚህ የምንረዳው ታላቅ ቁም ነገር አለ። የማይከፈል ሸክም መንገድ ይጠይቃል፤ የሚከፈል ሸክም ግን መንገድ በሌለበት ያልፋል። የተራራ መድፍ ፈታትቶ የሚጭን ወታደርና አጋዘን በልቶ የሚያወርድ አዳኝ የሚሠሩት አንድ ዓይነት ሥራ ነው።

ሞተር ሲገባ

የኒው ዚላንድ ታሪክ በዚህ ረገድ አስገራሚ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ከአውሮፓ ተወስደው የተለቀቁት ቀይ አጋዘኖች፣ የሚያድናቸው አውሬ በሌለበት አገር ተራብተው የተራራውን ደን አራቈቱት። ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መንግሥት ደመወዝ እየከፈለ በገፍ ያስገድላቸው ነበር፤ ሥጋው ግን ከዚያ ገደል የሚወጣበት መንገድ ስላልነበረ እዚያው ይበሰብስ ነበር። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሄሊኮፕተር ለዚህ ሥራ ተሠማራ። የወደቁት አጋዘኖች በገመድ ተንጠልጥለው ከተራራው ጫፍ በደቂቃዎች ወደ ሜዳ መውረድ ጀመሩ፤ ይበሰብስ የነበረውም ሥጋ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ሸቀጥ ሆነ። እንስሳውም፣ ተራራውም፣ ጥይቱም የቀድሞው ናቸው፤ የተለወጠው ማውጫው ብቻ ነው። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። በጠባብ ሸለቆ ዝቅ ብለው ሲበሩ ብዙ ሄሊኮፕተሮች ተከስክሰዋል፤ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል።

በሌላ በኩል ሞተር ሁልጊዜ አይፈቀድም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የዱር መሬት ጥበቃ ሕግ በተከለሉት ሥፍራዎች መኪና ብቻ ሳይሆን በእጅ የሚገፋ ባለጎማ ጋሪም እንዳይገባ ይከለክላል። እዚያ የሚያድን ሰው ከጀርባው ወይም ከበቅሎው በቀር ሌላ አማራጭ የለውም።

ቀንዱ መጨረሻ ይውጣ

ከሁሉም በላይ ልብ ልንለው የሚገባው የአላስካ ሕግ ነው። በአላስካ አዳኝ የሚበላውን ሥጋ ጥሎ ቢመጣ ይቀጣል። የሙስ ቀንድ ደግሞ ከግዳዩ ሥፍራ ከሥጋው ቀድሞ መውጣት አይችልም። ሥጋው ተሸክሞ ካለቀ በኋላ በመጨረሻው ጉዞ ቀንዱ ይወጣል። የሕጉ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ክብሩ የሚገኘው ከመጣል ሳይሆን ከማውጣት ነው።

ይህ ነገር እኛንም በቀጥታ ይመለከተናል። ለሳይንስ እ.ኤ.አ. በ1910 የተዋወቀው የደጋ አጋዘን በ1962 ዓ.ም. በተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሲጠበቅ የቆየ ሲሆን፣ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በተደረገበት ወቅት ጥበቃው ሲላላ በጠመንጃ ክፉኛ ተጨፍጭፏል። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ይሁን እንጂ እንስሳውን ከጥይት የሚያድነው መዝገብ ሳይሆን ጠመንጃ የያዘው ሰው ሕሊና ነው። በአገራችን ያለ ሕጋዊ ፈቃድና ከተመደበው ሥፍራ ውጭ ማደን የተከለከለ መሆኑ የታወቀ ነው። በተለይ መሣሪያ በአደራ የተሰጠው ወታደር ጥይቱ ለምን ዓላማ እንደ ተሰጠው መዘንጋት የለበትም።

በመሆኑም ፈቃድ ኖሮት ለሚያድን ሁሉ የሚከተሉት አራት ጥያቄዎች ከምላጩ በፊት ይቅረቡ። አንደኛ፣ እንስሳው የሚወድቅበት ሥፍራ ከመንገድ ምን ያህል ይርቃል፤ መመለሻውስ ዳገት ነው ወይስ ቁልቁለት? ሁለተኛ፣ ስንት ሰው ወይም ስንት በቅሎ አለ? ሦስተኛ፣ ሥጋው ሳይበላሽ ለመድረስ ስንት ሰዓት አለ? አራተኛ፣ ቢላዋው፣ ገመዱና ከረጢቱ ተዘጋጅተዋል?

ከአራቱ አንዱ መልስ ካጣ ጠመንጃው ይውረድ። እንስሳው በሕይወት ይኖራል፤ ተራራውም የትም አይሄድም፤ አዳኙም በሌላ ቀን፣ በቂ ጓደኞችና በቂ በቅሎዎች ይዞ መመለስ ይችላል።